ስለ መኪና ቀበቶና ስለ ሕፃናት አጠባበቅ

ሰው ሥልጣኔ ያመጣለትን ዕቃ ሲቀበል ጥቅሙን ብቻ አይቶ ጉዳቱን ካልመረመረ፥ ለደስታ ያገኘው ነገር ለኀዘን ይሆንበታል። አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ከዚያ ወዲህ በበቅሎ ቀን ሙሉ ያስኬድ የነበረው ጎዳና በሰዓት የሚቈጠር ሆኗል። ሕዝቡ ግን ፍጥነቱን በወደደው መጠን፥ ከፍጥነቱ ጥፋት የሚያድነውን መሣሪያ ገና አልወደደውም። ይህም መሣሪያ በመቀመጫው ጐን ተንጠልጥሎ የሚታየው ቀበቶ ነው።

የነገሩን ክብደት ለማስተዋል የእንጦጦን መንገድ መመልከት ይበቃል። ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን በተራራው ላይ ባደረጉበት ዘመን ወደ ታነጸው ወደ እንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን፥ በተለይም መስከረም 1 ቀን ለበዓሉ፥ ብዙ ሕዝብ ይወጣል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህም ቤተሰቡን ይዞ ለመዝናናት የሚወጣው በዝቷል። መንገዱ ጠመዝማዛ፥ ቁልቁለቱም ረጅም ነው። በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ መውረድ ሲገባ ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን ያግላል፤ የጋለ ፍሬንም ኃይሉ ይደክማል። በዚህ መንገድ ላይ ልጅዋን በጭኗ ላይ አስቀምጣ የምትወርድ እናት፥ ልጁን ከማንም ይልቅ የጠበቀችው ይመስላታል። እውነቱ ግን ከዚህ የራቀ ነው።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግንብ ጋር ቢጋጭ፥ መኪናው ወዲያው ይቆማል፤ በውስጡ ያለው ሰው ግን አንዳች ነገር እስኪያቆመው ድረስ በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት ይሄዳል። ይህም 10 ሜትር ከሚያህል ከፍታ ወድቆ መሬት እንደ መምታት ነው። መኪናው በግማሽ ሜትር መጨማደድ ውስጥ ቢቆም፥ 10 ኪሎ የሚመዝነው ሕፃን ለዚያች ቅጽበት 200 ኪሎ ያህል ሆኖ ከእናቱ እጅ ይወጣል። ይህን ሸክም የሚይዝ ክንድ ከቶ የለም። እናቲቱም ራሷ ካልታሰረች ሰውነቷ በልጁ ላይ ይወድቃል። እንዲሁም አንዱን ቀበቶ ለእናትና ለልጅ በአንድነት ማሰር መልካም መስሎ ይታያል እንጂ፥ በግጭት ጊዜ የእናቲቱ ክብደት ልጁን በቀበቶው ላይ ይጨፈልቀዋል። ፍቅር ብርቱ ቢሆንም የክብደትን ሕግ አያሸንፍም።

ዛሬ በመኪናዎች ሁሉ የሚታየውን፥ ትከሻንና ወገብን በሦስት ነጥብ የሚይዘውን ቀበቶ የሠራው የስዊድን መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ነው። ይኸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1959 በቮልቮ ኩባንያ ሲሠራ ነበር። ኩባንያውም ጥበቡን ለራሱ ብቻ ሳይሸሽግ ለሌሎች ፋብሪካዎች ተወው። በ1970 የአውስትራልያ ክፍል የሆነችው ቪክቶሪያ ቀበቶ ማሰርን በሕግ አዘዘች፤ ሌሎች መንግሥታትም ተከተሏት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፥ ቀበቶ በፊት ወንበር የሚቀመጡትን ከሞት የመድረስ አደጋ እስከ ግማሽ ይቀንስላቸዋል፤ ለሕፃናት የተሠራው መቀመጫ ደግሞ እስከ 60 በመቶ ያድናል። ይኸው ድርጅት በዓለም በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ፥ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትንም ከበሽታ ሁሉ ይልቅ ይህ አደጋ እንደሚያጠፋ ይናገራል።

በኢትዮጵያም በ2003 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208 የመንገድ ትራፊክ ሥርዓት ተደንግጎ ነበር፤ ቀበቶ ሳያስሩ ማሽከርከርም በጥፋት ይቈጠራል። ነገር ግን ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ቀበቶውን በደረቱ ላይ ጐትቶ የሚይዝ፥ ካለፈም በኋላ የሚለቅ ሾፌር ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ፖሊሱን ያታለለ ይመስለዋል፤ የታለለው ግን ራሱ ነው።

ሰነፍ ምክንያት አያጣምና፥ አንዳንዱ «መንገዴ አጭር ነው» ይላል፤ አደጋ ግን የመንገድን ርዝመት አይጠይቅም። ሌላው «ቀኔ ካልደረሰ አልሞትም» ይላል። ይህ ቃል የእምነት መልክ አለው፤ ፍሬው ግን ስንፍና ነው። ሕይወትን የሰጠ አምላክ ሕይወትን የሚጠብቅ አእምሮንም ሰጥቷልና፥ መድኃኒት ሳለ አልወስድም ማለት ፈጣሪን መፈታተን ነው። ሦስተኛውም «በአዲስ አበባ በመኪና የሚሞተው አብዛኛው እግረኛ ነው፤ ቀበቶ ለእርሱ ምን ይረባዋል?» ይላል። ነገሩ እውነት ነው፤ ስለ እግረኛው ፍጥነትን መቀነስና የእግር መንገድን ማስፋት ይገባል። ሆኖም አንዱን ነፍስ ማዳን ሌላውን ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ሥራው ሁሉ አንድ ዓይነት ስላይደለ በሦስት ሊከፈል ይገባዋል። የመጀመሪያው ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ነው፤ ይኸውም ያለውን ቀበቶ ማሰር ነው። በዚህ ረገድ አርአያ መሆን የሚገባቸው በመንግሥት መኪና የሚሄዱ ሹማምንት ናቸው። ሹሙ በኋላ ወንበር ተቀምጦ ካላሰረ፥ ሾፌሩን ሊገሥጽ አፍ የለውም። ሁለተኛው የሕፃናት መቀመጫ ነው። ይህ ዕቃ ዋጋው ከብዙው ሰው አቅም በላይ ስለ ሆነ፥ ስለ ቀረጡና ስለ ጥራቱ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ሊያስቡበት ይገባል። ሦስተኛውና የሚከብደው የታክሲ ነገር ነው። የኋላ ወንበራቸው ቀበቶ የሌላቸው ሚኒባሶች ስላሉ፥ በየዓመቱ ምርመራ ጊዜ ይህ እንዲታይ ማድረግ የመንግሥት ፈንታ ነው።

ካህናትም በዚህ ታላቅ ድርሻ አላቸው። ወንድ በ40፥ ሴት በ80 ቀን ሊጠመቁ የሚመጡ ሕፃናት ብዙዎቹ ዛሬ በመኪና ይመጣሉ። የነፍስ አባት ለወላጆች በሚሰጠው ምክር ላይ ጥቂት ቃል ቢጨምር ከብዙ አዋጅ ይልቅ ይሰማል። ጨቅላ ሕፃን አንገቱ ለጋ፥ ራሱ ከባድ ስለ ሆነ፥ በኋላ ወንበር ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ በተሠራለት መቀመጫ ሊታሰር ይገባል። ከፍ ያለው ልጅም ቁመቱ 135 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ለልክ የሚሆን ከፍ ያለ መቀመጫ ያስፈልገዋል። እርጉዝ ሴት የወገቡን ቀበቶ ከሆዷ በታች በዳሌዋ ላይ ታሳልፍ። ጋቢና ካባ የለበሰም ቀበቶውን ከልብሱ በታች ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ ይሰር። መቀመጫውን ለመግዛት ያልቻለ ደግሞ ልጁን ከፊት ወንበርና ከጭን ላይ አንሥቶ በኋላ ወንበር ያስቀምጥ።

ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ከአደጋ በኋላ የሚፈሰው እንባ ልጅ አይመልስም፤ ከመነሣት በፊት የምትታሰር ቀበቶ ግን የምትወስደው ጊዜ ከአንድ አቡነ ዘበሰማያት ያነሰ ነው።