ቀለሟ ያልተነካ፣ ሞተሯ የተጎዳ

በጎንደር ከተማ ያገለገለች መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ከደላላው አንደበት ቀድሞ የሚሰማው «ቀለም ያልነካት ናት» የሚለውን ነው። ቀጥሎ ጎማዋ አዲስ መሆኑ፣ ወንበሯ ልብስ መልበሱ፣ ቴፑም ጥሩ መሆኑ ይነገረዋል። ስለ ራዲያተሩ ውኃ፣ ስለ ፍሬን ዘይቱ ዕድሜ፣ ቴርሞስታቱ በቦታው ስለ መኖሩ ግን የሚጠይቅም የሚናገርም እምብዛም ነው። ዋጋው በቀለም ይቆረጣል፤ ጣጣው በሞተር በኩል ይመጣል።

ሌላ መኪና ከውጭ እንደ ልብ በሚገባበት ዘመን ቢሆን ኖሮ የዚህ ልማድ ጉዳት ጎልቶ ላይታይ ይችል ነበር። አሁን ሁኔታው ተለውጧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜው በገፋ ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ስድስት ወር ቆይቶ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላርም በዓመቱ ከ130 ብር አለፈ። በእነዚህ ሦስት እርምጃዎች የተነሳ በየግቢው የቆመችው አሮጌ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ከመጓጓዣነት አልፋ የቤተሰቡ ካፒታል ሆናለች።

ካፒታል ከሆነች ደግሞ እንደ ካፒታል መያዝና እንደ ካፒታል መመዘን አለባት። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ባለንብረቱ መኪናዋ ቆማ እስክትቀር ይነዳታል፤ ሲሸጣት ያጥባታል፤ ገበያውም ለእጥበቱ ይከፍለዋል። በወቅቱ ዘይት የቀየረ፣ ፍሬን ያስፈተሸ፣ ደረሰኙን ያስቀመጠ ሰው ካልጠበቀው ጎረቤቱ የተሻለ ዋጋ አያገኝም። ጥሩ ጥገና ዋጋ በማያወጣበት ገበያ ጥሩ መኪና ሊበዛ አይችልም።

የመለዋወጫ ሒሳብ

40 ዶላር የሚያወጣ አንድ ዕቃ በባንክ ምንዛሪ ሲሰላ፣ ከቀረጥና ከትርፍ በፊት፣ 2,280 ብር የነበረው 5,200 ብር ሆነ ማለት ነው። አስመጪው ቀድሞም ዶላሩን ከጥቁር ገበያ ይገዛ ስለነበር የመደርደሪያው ዋጋ ያንኑ ያህል አልዘለለም የሚል ነጋዴ ይኖራል፤ እውነት አለው። ነገር ግን የጎንደር ባለመኪና ዕቃውን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ደውሎ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ አስጭኖ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት ሳቢያ መንገድ ለቀናት የተዘጋበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የጎንደር ባለመኪና ዕቃው ከሚያወጣው ብር ሌላ መኪናዋ ያለ ሥራ የቆመችበትን ቀን ይከፍላል። መንገድ ላይ መሽቶበት የቆመ ቤተሰብ የሚከፍለው ደግሞ በብር አይሰላም።

ደጋው የራሱ ሕግ አለው

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ባቄላና ሽምብራ በደጋ ዘግይቶ የሚበስለው ውኃው ሳይግል ቀድሞ ስለሚፈላ ነው። በጎንደር ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ፣ በደባርቅ በ90 ዲግሪ ገደማ እንጂ በ100 አይደለም። የመኪና ሞተር ደግሞ በጤናው ጊዜ የሚሠራው በዚሁ ሙቀት አካባቢ ነው። ታዲያ የራዲያተሩ ውኃ ለምን ሁልጊዜ አይፈላም ቢባል፣ ግፊቱን አምቆ የመፍያውን ሙቀት 20 ዲግሪ ያህል ከፍ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ስላለ ነው።

ይህ ክዳን በመኪናዋ ላይ ካሉት ርካሽ ዕቃዎች አንዱ ነው። የጎማ ማሸጊያው ሲደርቅና ስፕሪንጉ ሲደክም ግፊት ያፈስሳል። መኪናዋ ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ማራኪ ስትመላለስ ምንም አይታወቅም፤ ቤተሰብ ጭና የወገራን ዳገት ስትይዝ ግን ውኃው ይገነፍላል። ነጂው ሳያስተውል ጥቂት ከቀጠለ ቴስታታው ይጣመማል፤ ጓርኒሲዮኑ ይበላል። በአንድ ክዳን ምክንያት ሞተር ይከፈታል። «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለው ተረት ለመኪናም የተነገረ ይመስላል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት መኪናዋ ሞቀች ሲባል ቴርሞስታቱን ነቅሎ መጣል ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅና ሙቀቱ እንዳይዋዥቅ የሚያደርግ በር ነው። እሱ በሌለበት በደባርቅና በዳባት ቀዝቃዛ ማለዳ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ሳይሞቅ ይሠራል፤ ቤንዚን ይፈጃል፤ ፒስተንና ፋሻው ቶሎ ያልቃል። የሙቀቱ ምክንያትም ሳይገኝ ተድበስብሶ ይቀራል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በዝገት የተደፈነ ራዲያተር፣ የማይዞር ፋን፣ የላላ ቺንጋ ወይም የሚያፈስ ጎማ ነው። ዝገቱን የሚያመጣው በየጊዜው የሚጨመረው ተራ ውኃ ሲሆን፣ ኩላንት የሚጨመረው ከቅዝቃዜ ለመከላከል ብቻ ሳይሆን ዝገትን ለመግታትም ነው። የሞቀ ራዲያተር ክዳን በምንም ምክንያት አይከፈትም፤ ፊትና እጅ ያቃጥላል።

ስስ አየር ጉልበትንም ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ጎንደር ላይ አንድ አምስተኛው፣ ደባርቅ ላይ ከሩብ በላይ የሆነው ጉልበት የለም ማለት ነው። «መኪናዬ ዳገት አልወጣ አለች» ብሎ ጋራዥ የሚገባ ባለንብረት ይህን ካላወቀ ጤነኛ ፖምፓ አስቀይሮ ይመለሳል። በመጀመሪያ መታየት ያለበት በአቧራ የታፈነው የአየር ፊልትሮ ነው። ካርቡራቶር ያላት የድሮ ኮሮላ ከሆነች ደግሞ ካንዴላዋ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ፣ ለደጋው አየር ቤንዚኑ በዝቶባታልና ማስተካከያ ያስፈልጋታል።

ከሊማሊሞ በላይ ፈታኝ የለም

ከደባርቅ ወደ ዛሬማ የሚወርደው የሊማሊሞ ቁልቁለት በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቀየሰ ነው። ጣሊያን መንገዱን ብቻ ሳይሆን ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ የሚሉትን የጋራዥ ቃላትም ትቶ ሄዷል። በዚያ ጠመዝማዛ ላይ የሚፈተነው ደግሞ ፍሬን ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ሲሆን ዶት 3 የሚባለው ዓይነት ከ205 ዲግሪ በፊት እንዳይፈላ ሆኖ ይሠራል፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን ይህ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ላይ እግሩን ከፍሬን የማያነሳ ነጂ ይህን ሙቀት በቀላሉ ያደርሰዋል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ መኪናዋ አትቆምም። በየሁለት ዓመቱ የፍሬን ዘይት መቀየር የሚመከረው ለዚህ ነው። የፍሬን ዘይቱን ዓይቶ «አልጎደለም» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ሳይጎድልም ያረጃል።

ወጪ የማይጠይቀው መከላከያ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ነው። ዳገቱ በሚወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ የድሮ ሾፌሮች ሕግ ነበር። አውቶማቲክ ቪትዝ የሚነዳም ማርሹን ከ«ዲ» አውርዶ ሞተሩ እንዲይዛት ማድረግ ይችላል። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ደህና ቦታ አቁሞ ማቀዝቀዝ እንጂ በጋለው ዲስክ ላይ ውኃ መድፋት አይገባም፤ ዲስኩን ያጣምመዋል።

በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን

ማደያ ላይ ቤንዚን ሲጠፋ በመንገድ ዳር በሃይላንድና በጀሪካን የሚሸጠው ይተካል። ዋጋው ከማደያው ይበልጣል፤ ጥራቱን የሚያረጋግጥ የለም። ውኃ፣ አቧራ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ኢንጄክተር ያላት መኪና ይህን አትችለውም። የነዳጅ ፊልትሮዋ ይደፈናል፤ ፖምፓዋ ያለ አቅሙ ይሠራና ይቃጠላል። ለመግዛት የተገደደ ሰው ቢያንስ በጠርሙስ አድርጎ ለጥቂት ደቂቃ ቢያስቀምጠው፣ ውኃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል። የተቀላቀለ ነጭ ጋዝ ግን በዚህ አይለይም።

ከመቀየር በፊት መመርመር

በአገሩ ጋራዦች የተለመደው አሠራር «እስቲ ይህን እንቀይረው» ነው። አልሆነ እንደሆነ ሌላ ይቀየራል። ዕቃ በርካሽ ይገኝ በነበረበት ጊዜ የተለመደ አሠራር ዛሬ ቤት ያራቁታል። ባለንብረቱ መካኒክ መሆን አይጠበቅበትም፤ ግን ምልክቱን በትክክል ነግሮ ግምቱን ማጥበብ ይችላል።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። ጥቁር ጭስ ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር አንሷል ማለት ነው። በብርድ ማለዳ የሚታይ ነጭ እንፋሎት አያሳስብም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያባራ ከሆነ ግን ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው። የሞተሩ ዘይት የማኪያቶ መልክ ከያዘም ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል፤ መኪናዋ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ መነዳት የለባትም።

ጠዋት አልነሳም ያለች መኪናም በቀላል የቮልት መለኪያ ትመረመራለች። አድሮ የዋለ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ወደ 14 ይወጣል። ካልወጣ ችግሩ ዲናሞው ወይም ቺንጋው ነው፤ አዲስ ባትሪ መግዛት ገንዘብ መጣል ይሆናል። በባትሪው ራስ ላይ የሚቆመውን ነጭ ዝገት በሙቅ ውኃ አጥቦ ማጥበቅ ብቻ ብዙ መኪና አስነስቷል። በኮምፒውተር የሚነበበው የስሕተት ቁጥርም አቅጣጫ ይጠቁማል እንጂ የሚቀየረውን ዕቃ አይፈርድም።

መዝገቡ ምን ያወጣል?

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ አንድ ደብተር ላይ ሊሰፍር ይችላል። ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተቀየረው ዕቃ፣ የተከፈለው ገንዘብ ከነደረሰኙ። በጃፓን መኪኖች ከጥገና መዝገብ ደብተራቸው ጋር ይሸጣሉ። በብሪታንያ ማንም ሰው የሰሌዳ ቁጥር አስገብቶ የመኪናዋን የዓመት ምርመራ ውጤትና ኪሎ ሜትር ማየት ይችላል። በኢትዮጵያ ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ግን ማለፏን እንጂ ታሪኳን ለገዢው አይነግርም። ስለዚህ ታሪኩን መያዝ የባለንብረቱ፣ መጠየቅ ደግሞ የገዢው ሥራ ነው። ኪሎ ሜትር የሚያስመልስ ሻጭም በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ የዘይት ደረሰኝ ባለበት ደብተር ፊት ብዙ አይራመድም።

«ይህ ሁሉ የቢሮ ሥራ ነው፤ ለአንድ ቪትዝ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። የጭነት መኪና ያለው ነጋዴ ግን ዘይትና ጎማ ሳይመዘግብ አያድርም፤ ትርፉ ከዚያ እንደሚመጣ ያውቃልና። «ከእንግዲህ ኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ የራዲያተርና የካንዴላ ዘመን አለፈ» የሚልም አለ። ኤሌክትሪክ ሞተር ከፍታ ጉልበቱን እንደማይቀንሰው፣ ቁልቁለትም ባትሪውን እንደሚሞላለት እውነት ነው። ነገር ግን የቻርጅ ጣቢያ በብዛት ያለው አዲስ አበባ ነው። የሰሜን ጎንደር ቤተሰብ ባለችው መኪና ገና ብዙ ዓመት ይነዳል።

ሕጉም ለገዢው ቦታ አለው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት መሆኑን ዋስ እንዲሆን ያዝዛል። ብዙ የመኪና ውሎች ግን «አይቼና ወድጄ ገዛሁ» በሚል ቃል ይታሰራሉ፤ ከዚያ በኋላ መከራከር ይከብዳል። ደብተሩ የውሉ አካል ሆኖ ቢያያዝ ለሐቀኛው ሻጭም ለገዢውም ዋስትና ይሆን ነበር።

ደላላውስ? ኮሚሽኑ የሚታሰበው በሽያጩ ዋጋ ነውና መኪናዋን ማወደሱ አያስገርምም። ሆኖም ደብተር ያላትን መኪና ለይቶ በተሻለ ዋጋ የሚያቀርብ ደላላ በወር ውስጥ ስም ያተርፋል፤ ስም ደግሞ የደላላ ካፒታል ነው።

ገዢውም ቢሆን ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ይሂድ። ኮፋኖው በእጅ ሲዳሰስ ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አስነስቷታል፤ ለምን እንደሆነ ይጠየቅ። ክዳኑን ከፍቶ የውኃውን መልክ፣ መለኪያውን ስቦ የዘይቱን መልክ ይይ። ከአዘዞ ተነስቶ ወደ ኮሶዬ ዳገቱን ይንዳት፤ የሙቀት መለኪያውን ይከታተል፤ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ይፈትን።

የደባርቅ ገበያ የሚወጣ ገበሬ ይህን ያውቀዋል። በቅሎ ሲገዛ የጠጉሯን ማማር አይቶ ብር አይቆጥርም፤ ጥርሷን ያያል፣ ዳገት ያስወጣታል፣ ኮርቻዋን አንስቶ ገጣባ እንዳለባት ይፈትሻል። መኪና በአሥር እጥፍ የምትበልጥ ብር እያወጣ ኮፋኖዋን ሳያስከፍት የሚዋዋል የከተማ ነጋዴ ከዚህ ገበሬ የሚማረው አለ።