የጥይት ግፊትን መቀነስ ሁልጊዜ ደኅንነት ነውን?

ዕድሜ ጠገብ ሽጉጦችን በሚሰበስቡና በሚተኩሱ ወገኖች ዘንድ የተለመደ አንድ አስተሳሰብ አለ፤ ይኸውም የጥይቱ ግፊት ዝቅ ባለ መጠን መሣሪያውም ተኳሹም ይበልጥ ይጠበቃሉ የሚል ነው። አስተሳሰቡ ከፊል እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ የመሣሪያውን አሠራር ሳይለዩ እንደ ጠቅላላ ደንብ መቀበሉ አንዱን አደጋ በሌላ መተካት ይሆናል።

መነሻው ተገቢ ስጋት ነው። ጥይት በልኩ ለአንድ መሣሪያ መግጠሙ በኃይሉም ተስማሚ መሆኑን አያረጋግጥም። ለዚህ አስረጅ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1900 ከወጣው የኮልት ሽጉጥ ጋር የተዋወቀው 38 ኤሲፒ ጥይት ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ገደማ የመጣው 38 ሱፐር በቀለሃው ልክ ከእርሱ ጋር አንድ ነው፤ በአሜሪካ የኢንዱስትሪ ደረጃ ግን የቀዳሚው የግፊት ጣሪያ 26,500፣ የተከታዩ 36,500 ፓውንድ በካሬ ኢንች ነው። ስለሆነም አሮጌው ሽጉጥ አዲሱን ጥይት ያለ ችግር ይጎርሳል፤ ሲተኮስ ግን ብረቱ ያልተሠራለትን ጫና ይሸከማል።

በሪቮልቨር ረገድ ግፊትን መቀነስ ተገቢ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ለ455 ጥይት የተሠራው የብሪታንያው ዌብሊ ማርክ 6 አሜሪካ ከደረሰ በኋላ፣ በርካቶቹ 45 ኤሲፒ እንዲጎርሱ የጥይት መያዣቸው ከኋላ ተሞርዷል። የ45 ኤሲፒ የግፊት ጣሪያ 21,000 ፓውንድ በካሬ ኢንች ሲሆን፣ ይህም ዌብሊው ከተነደፈለት በላይ ነው። እዚህ ላይ የለዘበ ጥይት አሠራሩን አያውክም፤ መያዣውን የሚያሽከረክረው የተኳሹ ጣት እንጂ የባሩዱ ኃይል አይደለምና።

በከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ግን ነገሩ ይለያል። እንደ ኮልት ኤም 1911 ባለው መሣሪያ የተኩሱ ግፊት አረሩን ከመወርወር አልፎ ተንሸራታቹን ክፍል ወደ ኋላ ይገፋል፤ ቀለሃውን ያስወጣል፣ ሞላውን ያምቃል፤ የታመቀው ሞላ ደግሞ ቀጣዩን ጥይት ያጎርሳል። ኃይሉ ሲያንስ ዑደቱ ይቋረጣል፣ መሣሪያውም ይነክሳል። ሞላውን በለዘበ መተካት ዑደቱን ሊመልስ ይችላል፤ ሆኖም ሙሉ ኃይል ያለው ጥይት በስህተት ቢጎርስ ተንሸራታቹ የሽጉጡን አካል ይደበድበዋል። ግፊቱ ከመጠን በላይ ሲወርድ ደግሞ፣ በየትኛውም ዓይነት ሽጉጥ፣ አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊቀር ይችላል። ተኳሹ ተራ መንከስ ወይም መክሸፍ መስሎት ደግሞ ቃታ ቢስብ አፈሙዙ ሊፈነዳ ይችላል።

በመሆኑም ተገቢው ጥያቄ «ግፊቱ ምን ያህል ይቀነስ?» ሳይሆን «መሣሪያው ለየትኛው የግፊት ወሰን ተነደፈ?» የሚል ነው። አምራቾች በጥይት ማሸጊያ ላይ ከስሙና ከልኩ ጋር የግፊቱን ደረጃ በግልጽ ሊያሰፍሩ፣ ባለቤቶችም ከመተኮስ በፊት መሣሪያውን በባለሙያ ሊያስመረምሩ ይገባል። የተሰነጠቀን ብረት የለዘበ ጥይት አይጠግነውም፤ እንዲህ ያለው ሽጉጥ በቅርስነቱ ተጠብቆ ይጠና እንጂ አይተኮስ።