ተራን ጠብቆ መናገር፦ ከእጅ ራዲዮ የሚገኝ ትምህርት

በደጋው አገራችን፣ በገደል በተለያዩ ሁለት ሸንተረሮች ላይ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ሲጠራሩ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ጠሪው እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጣራል፤ ከዚያም ዝም ብሎ ጆሮውን ያቀናል። ከማዶ ያለው ሰው መልስ እስኪሰጥ ድረስ ሌላ ቃል አይጨምርም። ሁለቱም ባንድ ጊዜ ቢጮኹ የሚሰማው የገደል ማሚቶ ብቻ ይሆንና መልእክቱ በከንቱ ይቀራል። የእጅ መገናኛ ራዲዮም የሚሠራው በዚሁ ጥንታዊ ሥርዓት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ብዙዎች «ዎኪቶኪ» የሚሉት ይህ መሣሪያ የራዲዮ ማስተላለፊያንና መቀበያን አጣምሮ የያዘ፣ በባትሪ የሚሠራና በአንድ እጅ የሚያዝ ነው። ተናጋሪው በጎኑ ያለውን ቁልፍ ሲጫን ማስተላለፊያው ይሠራል፤ መቀበያው ዝም ይላል። ቁልፉን ሲለቅ ማስተላለፊያው ያርፍና መቀበያው ይነቃል። ስለዚህ በዚህ መሣሪያ የሚናገር ሰው በዚያው ቅጽበት ሊያዳምጥ አይችልም። ተንቀሳቃሽ ስልክ በየሰው ኪስ በገባበት በአሁኑ ጊዜ አንዳንድ ሰዎች «እንዲህ ያለው መሣሪያ ጊዜው ያለፈበት ነው፤ ተራ እየጠበቁ መናገርም ጉድለት እንጂ ጥቅም አይደለም» ይላሉ። በእኔ አስተያየት ግን መሣሪያው ዛሬም ተፈላጊ ነው፤ ጉድለት የሚመስለው ጠባዩም ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ይህን ለማስረዳት ከታሪኩ እጀምራለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1928 በአሜሪካ የዲትሮይት ከተማ ፖሊስ በመኪናዎቹ ውስጥ የራዲዮ መቀበያ አስገብቶ ይጠቀም ጀመር። መሣሪያው ግን ለመስማት እንጂ ለመመለስ አያገለግልም ነበር። ትእዛዝ የደረሰው ፖሊስ መልስ መስጠት ቢፈልግ ከመኪናው ወርዶ ስልክ መፈለግ ነበረበት። ይህን ችግር በ1933 በኒው ጀርሲ ግዛት የምትገኘው የቤዮን ከተማ ፖሊስ፣ ከመኪና ውስጥ መስማትም መናገርም የሚያስችል ራዲዮ በመጠቀም አቃለለው። ይሁን እንጂ ያ ራዲዮ ከመኪናው ጋር የተያያዘ በመሆኑ በእግሩ ለሚጓዝ ሰው አይረዳም ነበር።

ራዲዮን ከመኪና አውርደው በሰው እጅ ካስገቡት ሰዎች መካከል ሁለቱ በተለይ ይታወሳሉ። አንደኛው ካናዳዊው ዶናልድ ሂንግስ ነው። እርሱ በ1937 በአንድ የማዕድን ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ፣ መንገድና ስልክ በሌለበት በረሓማ ጫካ ለሚበሩ አብራሪዎች የሚሆን ተንቀሳቃሽ ራዲዮ ሠራ። ሁለተኛው አሜሪካዊው አል ግሮስ ነው። ግሮስ ገና በ16 ዓመቱ የአማተር ራዲዮ ፈቃድ ያገኘ ወጣት ሲሆን፣ በ1938 የራሱን የእጅ ራዲዮ ሠርቶ አሳየ። እንግዲህ ከእናንተ ዕድሜ ብዙም የማይርቅ ልጅ በትርፍ ጊዜው የጀመረው ሥራ የት እንደደረሰ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የመሣሪያው ተፈላጊነት እጅግ ከፍ አለ። በኋላ ሞቶሮላ የተባለው ኩባንያ ለአሜሪካ ጦር ሁለት ዓይነት ራዲዮ አቀረበ። የመጀመሪያው በእጅ የሚያዝ፣ ክብደቱ 2.3 ኪሎ ግራም ያህል የሆነ፣ በየብስ ላይ እስከ 1.6 ኪሎ ሜትር የሚያሰማ ነበር። ሁለተኛው በ1943 ሥራ ላይ የዋለው፣ ወታደሩ እንደ ሸክም በጀርባው የሚያዝለው፣ ከ14 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ነበር። «ዎኪቶኪ» የሚለው ስም፣ ትርጉሙም «እየሄዱ መናገር» ማለት ሲሆን፣ በመጀመሪያ የተሰጠው ለዚህ በጀርባ ለሚታዘለው ነበር፤ በኋላ ግን በእጅ ለሚያዘው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በ1947 ትራንዚስተር ከተፈለሰፈ በኋላ፣ ብዙ ኀይል የሚበሉት የመስተዋት ቱቦዎች ቦታቸውን ለቀቁ። በ1962 ሙሉ በሙሉ በትራንዚስተር የሚሠራና ክብደቱ ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ የእጅ ራዲዮ ለገበያ ቀረበ። በቅርጹ ምክንያት ሰዎች «ጡቡ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ዛሬ በእጅ መዳፍ ውስጥ የሚጠፉ ራዲዮዎች በፖሊሶች፣ በእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ በአውሮፕላን ማረፊያዎች፣ በትላልቅ ሕንፃ ሥራዎችና በነፍስ አድን ቡድኖች እጅ ይገኛሉ።

ለመሆኑ ተንቀሳቃሽ ስልክ እያለ እነዚህ ሰዎች ለምን ራዲዮ ይይዛሉ? ምክንያቱ ቢያንስ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ተንቀሳቃሽ ስልክ ያለ ማማ አይሠራም። የመሬት መንቀጥቀጥ ማማውን ቢጥለው፣ ወይም መብራት ጠፍቶ የመጠባበቂያው ባትሪ ቢያልቅ፣ ስልኩ ያለ ጥቅም ይቀራል። ሁለት የእጅ ራዲዮዎች ግን ባትሪያቸው እስካላለቀና በመካከላቸው ያለው ርቀት እስካልበዛ ድረስ የማንንም እርዳታ ሳይሹ ይገናኛሉ። ሁለተኛ፣ ስልክ በተለመደው አጠቃቀሙ አንዱን ከአንዱ ጋር ያገናኛል፤ በራዲዮ ግን አንዱ ቁልፉን ሲጫን በዚያው መስመር ያሉት ሁሉ ይሰማሉ። ሕንፃው ሊደረመስ መሆኑን ያየ ሠራተኛ ለሃያ ጓደኞቹ ሃያ ጊዜ መደወል አያስፈልገውም። በእርግጥ ራዲዮውም ድክመት አለው። ተራራና ወፍራም ግንብ ድምፁን ይከለክሉታል፤ የምስጢር ማመስጠሪያ ካልተገጠመለትም በዚያው መስመር ያለ ማንኛውም ሰው ሊያዳምጠው ይችላል። ነገር ግን ከሁሉ የሚብሰው አደጋ ከመሣሪያው ሳይሆን ከተናጋሪው ይመጣል።

ለምሳሌ ያህል በማርች 27 ቀን 1977 በስፔን ካናሪ ደሴቶች፣ በቴነሪፍ አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰውን እንመልከት። ራዲዮዎቹ በአውሮፕላን ላይ የተገጠሙ ቢሆኑም የንግግሩ ሥርዓት ከእጅ ራዲዮው ጋር አንድ ነው። ጭጋግ ሜዳውን ሸፍኖት ነበር። አንድ የኔዘርላንድስ አውሮፕላን በማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ቆሞ ሳለ አንድ የአሜሪካ አውሮፕላን በዚያው ማኮብኮቢያ ላይ ይጓዝ ነበር። የኔዘርላንድሱ አውሮፕላን የመነሣት ፈቃድ ሳይሰጠው መንደርደር ጀመረ፤ ረዳት አብራሪውም ትርጉሙ አሻሚ በሆነ አነጋገር ሁኔታውን ለመቈጣጠሪያው ማማ ገለጸ። በማማው ያለው ሰው አውሮፕላኑ ለመነሣት ተዘጋጅቶ የቆመ መሰለው። በመጀመሪያ እሺ አለ፤ ቀጥሎም እንዲጠብቅ ነገረው። በዚያው ቅጽበት የአሜሪካው አውሮፕላን ገና በማኮብኮቢያው ላይ መሆኑን ተናገረ። ሁለቱ ንግግሮች በአንድ መስመር ላይ ስለተጋጩ በኔዘርላንድሱ አውሮፕላን ውስጥ በግልጽ የተሰማው «እሺ» የምትለው ቃልና ከእርሷ በኋላ የመጣው ፉጨት ነበር። አውሮፕላኖቹ ተጋጩ፤ 583 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ «መነሣት» የሚለው ቃል ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር፣ ትእዛዝ የተቀበለውም «እሺ» በማለት ብቻ ሳያልፍ ትእዛዙን መልሶ እንዲናገር የሚያዝዘው ሥርዓት ተጠናከረ።

በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በኒው ዮርክ ከተማ መንታ ሕንፃዎች በደረሰው ጥቃት 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን፣ በሰሜኑ ሕንፃ ከነበሩት አንዳንዶቹ የመውጫውን ትእዛዝ በራዲዮ እንዳልሰሙ ገልጿል። ከምክንያቶቹም አንዱ ብዙ ሰዎች ባንድ ጊዜ በአንድ መስመር ለመናገር በመሞከራቸው መስመሩ መጨናነቁ ነበር። በእርግጥ ትእዛዙን ሰምተው ሌሎችን ለማዳን የቀሩም ነበሩ። ይሁን እንጂ የመናገር ተራ የሕይወት ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ይህ ምሳሌ በግልጽ ያሳያል።

ይህ ነገር የሰዋስው ተማሪን የሚመለከተው እንዴት ነው? በአማርኛችን «ግቡ» እና «አትግቡ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አስተውሉ። የትእዛዙ አሉታ የሚታወቀው ከፊት በሚመጣው «አት» በሚለው ምዕላድ ነው። በእጅ ራዲዮ የሚናገር ሰው ቁልፉን በደንብ ሳይጫን ቸኩሎ ቢናገር የሚቈረጠው የቃሉ መጀመሪያ ነው። እንግዲህ በሚቃጠል ቤት ደጃፍ ለቆሙት «አትግቡ» ብሎ ያዘዘ ሰው «ግቡ» ብሎ እንዳዘዘ ሊሰማ ይችላል። አንዲት ምዕላድ በመጥፋቷ ትእዛዙ ተገልብጦ ሰው ወደ እሳት ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ ጠንቃቃው ተናጋሪ ቁልፉን ተጭኖ ጥቂት ይታገሣል፤ ከአሉታው ትእዛዝም ይልቅ «ቁሙ» የሚለውን አጭርና የማያሻማ ቃል ይመርጣል። ሰሚውም «ቁሙ ተብለናል» ብሎ ይመልሳል። በዚህ ቦታ ሰዋስው ለፈተና ብቻ የሚጠና ትምህርት ሳይሆን የሰው ነፍስ የሚጠብቅ ጥበብ ይሆናል።

«እነዚህ ነገሮች ለባለሙያዎች እንጂ ለእኛ ምን ይጠቅማሉ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። በማስተማር ሥራ ያሳለፍኋቸው ዓመታት ግን ተቃራኒውን አሳይተውኛል። በክፍል ውስጥ ውይይት ሲደረግ ብዙ ጊዜ ክርክሩን የሚያበላሸው የእውቀት ማነስ አይደለም፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው መጀመሩ ነው። ሁሉም ይናገራል፤ የሚሰማ ግን አይገኝም። የአገራችን ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገር ሲያዩ አንዱ ሲናገር ሌላው የሚያዳምጠው ለጌጥ አይደለም፤ ያልተደመጠ ነገር እንደማይታረቅ ስለሚያውቁ ነው።

«ካፍ ከወጣ አፋፍ» ይባላል። በራዲዮም ሆነ ፊት ለፊት የተነገረ ቃል አይመለስም። ስለሆነም ከመናገራችን በፊት ማሰብ፣ ስንናገር ማሳጠርና ግልጽ ማድረግ፣ ስንጨርስም ቁልፉን ለቅቀን ማዳመጥ ይገባናል። ይህን ሥርዓት ለመልመድ መሣሪያውን መግዛት አያሻም፤ በነገው የክፍል ውይይት ላይ ጓደኛችሁ ንግግሩን እስኪጨርስ በመታገሥ መጀመር ይቻላል።