ጠዋት የማይታጠፍ ጣት

የአዲስ አበባን ውቤ በረሃ በሌሊቱ የሚያስታውሰው ብዙ ነው። እኔ የማወራው ስለ ጠዋቱ ነው። በዚያ ሠፈር ማለዳ ቶሎ የማይከፈቱ በሮች አሉ፤ በውስጥ ያሉት እናት መቀርቀሪያውን የሚስብ ጣት እስኪያገኙ ድረስ ጊዜ ይፈጅባቸዋል። ጣታቸው አብጧል፣ እንደ እንጨት ደርቋል፤ የሚለሰልሰው ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ነው።

«ብርድ ነው» ይባላል። ቅቤ ይታሻል፣ ወጌሻ ይጠራል፣ ፍልውሃ ይኬዳል። በፍልውሃ አልስቅም፤ ከተማዋ የተቆረቆረችው በእሱ ምክንያት ነው። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ከእንጦጦ እየወረዱ ይታጠቡበት የነበረውን ቦታ እቴጌ ጣይቱ ወደዱትና በ1879 ዓ.ም. ቤት ተሠራላቸው። ሙቅ ውሃ የደረቀ መገጣጠሚያን እንደሚያላላ ሐኪምም አይክድም። ነገር ግን ሩማቶይድ አርትራይተስ ከሆነ የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያውን እያጠቃ ነው፤ ውሃው ሕመሙን ያስታግሣል እንጂ ጥቃቱን አያስቆምም። ሜቶትሬክሴትን የመሰለ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ወራት ካልተጀመረ አጥንቱ ይበላል፤ የተበላው ደግሞ አይመለስም። በሽታው ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያጠቃል።

ታዲያ እኒህ እናት ለምን ቶሎ አይታከሙም? ራስ ደስታ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። የጤና መድን ያለው ሰው ግን መጀመሪያ በጤና ጣቢያ በኩል ማለፍና ሪፈር ማጻፍ አለበት። ካርድ ለማውጣት ደግሞ ገና ሳይነጋ ሰልፍ መያዝ ያስፈልጋል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቁጭ ብድግ ማለት፣ ታክሲ ላይ መሳፈር፣ ሰልፍ ውስጥ መቆም። በሽታው በጣም የሚጠናበት ሰዓትና ሐኪም ቤቱ በሽተኛውን የሚጠራበት ሰዓት አንድ ናቸው። ይህን ያቀደ ክፉ ሰው የለም፤ ያሰበበትም የለም።

መድኃኒት ቤቱ ግን ከሰዓት በኋላም ክፍት ነው፤ ካርድም ሪፈርም አይጠይቅም። ዳይክሎፌናክ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ፕሬድኒሶሎንንም ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ችግሩ ፕሬድኒሶሎን እውነትም መሥራቱ ነው። በጥቂት ቀናት እጅ ይዘረጋል፣ ቡና ይቀዳል፤ ከዚያ በኋላ ማን ሰልፍ ይሄዳል? ለዓመታት ሲወሰድ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ደም ግፊት ያመጣል፤ ዳይክሎፌናኩም ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ የለውም» የሚል ወቀሳ ሲሰነዘር እናደዳለሁ። እኒህ እናት ጣታቸው በሚታጠፍበት ሰዓት ክፍት የሆነውን በር ነው የመረጡት።

በስም የሚመሳሰለው የልጆች ሕመም ጉዳይ ሌላ ነው። ሳይታከም ከቀረ ቶንሲል ተነሥቶ ልብን የሚጎዳው የሩማቲክ ትኩሳት ቢያንስ ዘመቻ አለው፤ የአፍሪካ ኅብረትም በ2007 ዓ.ም. «የአዲስ አበባ መግለጫ» የሚባል ሰነድ አጽድቆለታል። ለእናቶቹ ጣት ያን ያህል የሚጮህ የለም። የመገጣጠሚያ በሽታ ስፔሻሊስቶችም ከ100 ሚሊዮን ሕዝብ በላይ ባለባት አገር በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች ሲፈርሱ ደግሞ ብዙ ሰው ወደ ከተማው ዳር ሄደ። በምድር ቤት የኖረ ጉልበት ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሲቆጥር አስቡት። ጠዋት ደግሞ የሚወርደው እሱ ነው።

ስፔሻሊስት በአንድ ቀን አይፈጠርም። የጤና ጣቢያ ነርስ ግን «ጠዋት ስትነሡ ድርቀቱ ምን ያህል ይቆያል?» ብላ መጠየቅ ትችላለች። አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የሁለቱም እጆች ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ካበጡ፣ ሳምንታትም ካለፉት፣ ሪፈሩ እዚያው ይጻፍ። የእነዚህ ሕመምተኞች ቀጠሮም ከሰዓት በኋላ ይሁን። ላቦራቶሪ ናሙና የሚቀበለው ጠዋት ነው የሚል ምክንያት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ኢኤስአርም ሆነ ሩማቶይድ ፋክተር የሚባሉት የደም ምርመራዎች ግን ባዶ ሆድ አይጠይቁም፤ ደሙ 8 ሰዓት ላይም ይቀዳል።