ተከራዩም ይስማ፦ ለሰፈራችን ኮሚሽነር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የሰፈራችን አማካሪ ኮሚሽነር
ዋሽንግተን ዲሲ



ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት ለእርስዎ ብቻ ስላልሆነ ነው። ልጄ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በእጅዎ ያደርስልዎታል። አማርኛው ግን በናይንዝ ስትሪትና በዩ ስትሪት ዙሪያ ለሚኖሩ፣ ለሚነግዱ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንጀራና ቡና ለመግዛት ጎራ ለሚሉ ወገኖቼ ነው። የምለው ነገር እርስዎንም እነሱንም ይመለከታል።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። በየወሩ ለነዋሪው የሚልኩትን ደብዳቤ ልጄ እራት ላይ ያነብልኛል። ባለፈው ወር ከጀርባችን ባለው መተላለፊያ ላይ ሊሠራ ስለታሰበው አፓርታማ፣ በረንዳ ላይ ወንበር ለመዘርጋት ስለጠየቀው መጠጥ ቤት፣ ስለ ቆሻሻ ገንዳዎቹና ስለ አይጡ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለጠፋው የመንገድ መብራት ጽፈው ነበር። የቱ ጉዳይ መቼ ለድምፅ እንደሚቀርብ፣ እርስዎ ወደየትኛው ሐሳብ እንደሚያዘነብሉና ለምን እንደሆነ ሳይደብቁ ይነግሩናል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ከሥራ መልስ፣ ያለ ደመወዝ መሆኑን አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልን።

ወገኖቼ ብዙዎቻችሁ ይህ ኮሚሽን ምን እንደሆነ አታውቁም፤ እኔም ለሃያ ዓመት አላውቅም ነበር። ዲሲ የራሷን ከንቲባና ምክር ቤት እንድትመርጥ የፈቀደው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። የሰፈር አማካሪ ኮሚሽኖቹም የተተከሉት በዚያው ሕግ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ኮሚሽነሮች የተመረጡት በ1976 ነበር። አንድ ኮሚሽነር 2,000 ያህል ሰው ይወክላል፤ የሚመረጠው ለሁለት ዓመት ነው፤ በፓርቲ ስምም አይወዳደርም። ኮሚሽኑ ሕንፃ ማጽደቅ አይችልም፣ መከልከልም አይችልም። ነገር ግን በአደባባይ ተሰብስቦ ድምፅ ከሰጠና ሐሳቡን በጽሑፍ ካቀረበ፣ የከተማው መሥሪያ ቤት ወረቀቱን እንዲሁ ወደ ጎን ሊያደርገው አይፈቀድለትም። ሕጉ ለዚያ ሐሳብ «ታላቅ ክብደት» ይሰጠዋል። መሥሪያ ቤቱ ኮሚሽኑ ያነሳውን እያንዳንዱን ሥጋት ጠቅሶ ለምን እንደተቀበለው ወይም ለምን እንዳልተቀበለው በጽሑፍ የመመለስ ግዴታ አለበት። የተራ ሰው ቃል በከተማው መዝገብ ላይ የሚሰፍርበት ከዚህ የቀረበ በር እኔ አላውቅም። በዚህ በር ግን የእኛ ሰው ሲገባ ብዙ አይታይም።

ለምን እንደማይታይ ከራሴ ታሪክ ልንገርዎ፤ ይህ ሲሆን የምኖረው በሌላ ሰፈር ነበር። የማእድ ቤቴ መስኮት ወደ ደቡብ ያይ ነበር። በመስኮቱ ላይ ጤና አዳምና በሶብላ በጣሳ ተክዬ፣ በክረምቱ ብርድ እንኳ ፀሐይ ስለማይለያቸው አይደርቁብኝም ነበር። በአንዱ ዓመት የጎረቤቱ ቤት ፎቅ ሊጨመርበት፣ ከኋላም ሊረዝም ሆነ። ማስታወቂያው በአጥሩ ላይ ተለጥፎ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አውቶቡስ ለመያዝ ስወጣ በየቀኑ አጠገቡ አልፍ ነበር። የሚሸጥ ቤት ማስታወቂያ መስሎኝ አንድ ቀንም ቆሜ አላየሁትም። ቆሜ ባየውም ኖሮ፣ «ልዩ ፈቃድ»፣ «ከደንቡ ነፃ መሆን» የሚሉት የሕግ ቃላት በሥራ ቦታ በለመድኩት እንግሊዝኛ የሚፈቱ አይደሉም።

በፖስታ የተላከውም ደብዳቤ እኔ ዘንድ አልደረሰም። እዚህ ላይ ማንንም በስም አልወቅስም፤ ደንቡ ራሱ እንዲህ ነው። ከሚሠራው ቦታ 200 ጫማ፣ በእኛ መለኪያ 60 ሜትር ገደማ፣ ርቀት ውስጥ ላሉ የንብረት ባለቤቶች ደብዳቤ ይላካል። ለባለቤቶች ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ ለሚኖረው ተከራይ አይደለም። የእኛ ሕንፃ ባለቤት የሚኖረው ሜሪላንድ ነው። በዚያ ሕንፃ ውስጥ 14 ቤተሰብ ነበርን፤ አሥራ አራታችንም ተከራዮች። ልጄ አጥሩ ላይ ያለውን ወረቀት ባነበበልኝ ጊዜ ጉዳዩ የታየበት ችሎት ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ግድግዳው ቆሞ ፀሐዩን ሲከልልብኝ በሶብላው በኅዳር ጠወለገ፤ ጤና አዳሙም ከገና አላለፈም።

የጎረቤቱ ጭማሪ መሠራት አልነበረበትም እያልኩ አይደለም። ልጆቻችን የሚኖሩበት ቤት ይፈልጋሉ፤ ቤት ካልተሠራ ኪራዩ ሲወጣ እንጂ ሲወርድ አይታይም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በጊዜው ሰምቼ ቢሆን ኖሮ የኋላው ግድግዳ ጥቂት ጫማ እንዲያጥር እጠይቅ ነበር። ምናልባት እሺ ይሉኝ ነበር፤ ምናልባትም እምቢ። ሳልጠየቅ መቅረቴን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ባደግኩበት ጉለሌ ግን እንዲህ አልነበረም፤ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞትም ስብሰባ ሲጠራም፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ከጥግ ጥግ እየዞረ ይለፍፋል። የቤት ባለቤትና ተከራይ አይለይም። ፊደል የቆጠረውም ያልቆጠረውም እኩል ይሰማል። አልሰማሁም የሚል ሰው አይኖርም። ወንድሜ «ያ ድምፅ ከእንቅልፌ ሲቀሰቅሰኝ ያስደነግጠኝ ነበር» ይላል። እኔ ግን አሁን ሳስበው፣ ሰፈሩ ማንንም ሳይረሳ የሚያድረው በዚያ ሰው እግር ነበር።

ዲሲ አማርኛን የማታውቅ ከተማ አይደለችም። በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ መካከል እንግሊዝኛ በደንብ የማይችሉና አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች 3 በመቶ ወይም 500 ከደረሱ፣ ከሁለቱ ያነሰው ተወስዶ፣ ዋና ዋና ሰነዶቹን በቋንቋቸው እንዲተረጉም ያዛል። አማርኛ ከእነዚያ ቋንቋዎች አንዱ ነው። የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተናን በአማርኛ መፈተን ይቻላል። መኪና ለመንዳት በአማርኛ የሚጠይቀን ከተማ፣ በመስኮታችን ፊት ግድግዳ ሲቆም በእንግሊዝኛ ብቻ ሊነግረን አይገባም። ሕጉ የእርስዎ ወርሃዊ ደብዳቤም እንዲተረጎም ያስገድዳል ወይስ አያስገድድም የሚለውን ለጠበቆች እተወዋለሁ። እኔ የምለምነው እንደ ጎረቤት ነው።

ነገሩ የሕንፃ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልደከምኩም። አንድ የማውቀው ባለ ምግብ ቤት አለ። የመጠጥ ፈቃዱ ሲታደስ ጎረቤቶች ተቃወሙት። አምስት ነዋሪዎች ተባብረው ከተፈራረሙ መቃወም ይችላሉ፤ መብታቸው ነው። ጉዳዩ በስምምነት አለቀና ወረቀት ፈረመ። በረንዳው ላይ ሙዚቃ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዳይሰማ፣ በሩም ተዘግቶ እንዲቆይ የሚል ነበር። እሱ የፈረመው ቀጠሮ የተቀበለበት ወረቀት መስሎት ነው። ምን እንደፈረመ ያወቀው ተቆጣጣሪ መጥቶ ሲጠይቀው ነው። ከተቃወሙት አንዷ በሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት፤ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ትነሳለች፣ ሌሊቱን በከበሮው ድምፅ መተኛት አልቻለችም። እውነቷን ነው። እሱም እውነቱን ነው። በሁለቱ ደጆች መካከል ያለው 30 እርምጃ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዩት ግን በክርክሩ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ቡና ጠጥተው ቢሆን ኖሮ ከበሮው ወረቀት ሳያስፈልገው ዝቅ ይል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቀድሞ ሳይነጋገሩ በክርክር ላይ የመገናኘት በሽታ በሰፈራችን አዲስ አይደለም። በ2005 የእኛ ነጋዴዎች በናይንዝ ስትሪት ከዩ እስከ ቲ ያለው ጎዳና «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲሰየም ጠየቁ። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ይህንን ስም የሰጠችው በ2002 ስለነበር፣ እኛም የሚገባን መስሎን ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤቶቻችን ግን ተቆጡ። እኔም ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር፤ «እኛም ጥቁሮች ነን፤ ምን አደረግናቸው?» አልኩ።

ያኔ ያልገባኝ አሁን ገብቶኛል። ዩ ስትሪት «የጥቁሮች ብሮድዌይ» ይባል የነበረ መንገድ ነው። ሃዋርድ ቲያትር የተከፈተው በ1910 ነው። ዱክ ኤሊንግተን ያደገው እዚሁ አካባቢ ነው። በ1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል በተነሳው ቁጣ መንገዱ ተቃጠለ። ከዚያም ለምድር ባቡሩ ተቆፈረ፤ ጣቢያው በ1991 እስኪከፈት ድረስ በቁፋሮው መካከል ሱቃቸውን ይዘው የቆዩ ሰዎች ነበሩ። እኛ የመጣነው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ በነበርንበት በኤይቲንዝ ስትሪት ኪራዩ ሲንርብን፣ እዚህ የተዘጉ ቤቶች በርካሽ አግኝተን ከፈትን። ለእኛ ባዶ ቤት ነበር፤ ለእነሱ ግን የአባቶቻቸው ሱቅ ነው። ስሙን ስንጠይቅ ያንን ታሪክ አላነሳንም፤ ቀድመንም ደጃቸውን አላንኳኳንም። ዛሬ ያው ኪራይ እኛንም እነሱንም ይገፋል። የእኛ ሰው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ እየሄደ ነው። በኮሚሽኑ አዳራሽ የኪራይ ጉዳይ ሲነሳ ግን እኛ አንድ ጥግ እንኳ አንይዝም፤ አብዛኛውን ጊዜ አንገኝምና።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው ነው። በየወሩ ከሚጽፉት ውስጥ ለድምፅ የሚቀርበውን ብቻ በግማሽ ገጽ አማርኛ ያውጡልን፤ ምን ሊሠራ እንደታሰበ፣ የት እንደሆነ፣ ድምፁ መቼ እንደሚሰጥና አስተያየት የሚሰጥ ሰው ለማን እንደሚናገር ይበቃናል። እንደ መኖሪያ ፈቃድ ወረቀት የረቀቀ ቋንቋ አያስፈልገውም፤ «ከ14 ቁጥር ቤት ጀርባ ሁለት ፎቅ ሊጨመር ነው፤ ድምፅ የሚሰጠው ሐሙስ ማታ ነው» ቢል እናቴ እንኳ በሕይወት ብትኖር ትረዳው ነበር። ወረቀቱም ሰው ወዳለበት ይሂድ። የእኛ ሰው እንጀራ መሸጫው በር ላይ ቆሞ ያነባል፤ ከቅዳሴ በኋላ የሚነገረውን ማስታወቂያ ቆሞ ይሰማል፤ ታክሲ የሚያሽከረክረው የአማርኛ ሬዲዮ ከፍቶ ይውላል።

ከዚያም በላይ የምፈልገው ይህ ነው፦ ባለ ፕሮጀክቱ የኮሚሽኑን ድጋፍ ሊጠይቅ ሲመጣ፣ «በአጠገቡ ያሉትን ተከራዮች በር አንኳኩተዋል?» ብለው ይጠይቁት። ደንቡ አያስገድደውም። የእርስዎን ድጋፍ የሚፈልግ ሰው ግን ጥያቄው በየወሩ እንደሚነሳ ካወቀ፣ ሳይጠየቅ ደረጃውን ወጥቶ ያንኳኳል። እኔ ለዚያ አንድ ማንኳኳት ብዙ ነገር እሰጥ ነበር።

ለእናንተ ለወገኖቼ የምለው ደግሞ አለኝ፤ የማልወደውም ቢሆን እላለሁ። ወደ ኮሚሽኑ የምንሄደው የራሳችን ፈቃድ ሲነካ ብቻ ነው። የነርሷ እንቅልፍ፣ የጎረቤቱ መብራት፣ የሌላው መስኮት የእኛ ጉዳይ አይመስለንም። በእድር ያደግን ሰዎች ይህንን እንዴት ረሳነው? «ዜግነት የለኝም፤ ማን ይሰማኛል» የሚል ሰው በየቀኑ አገኛለሁ። በ2024ቱ ምርጫ ዜግነት የሌላቸው የዲሲ ነዋሪዎች የምክር ቤት አባላትንና የሰፈር ኮሚሽነሩን ለመምረጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጥተዋል። መናገር ደግሞ ከመጀመሪያውም ወረቀት አልጠየቀም።

የተከበሩ ኮሚሽነር፣ በመተላለፊያው ላይ ሊሠራ የታሰበው አፓርታማ ለድምፅ የሚቀርበው በሚመጣው ወር መሆኑን ጽፈዋል። በዚያ መተላለፊያ ሁለት ጎን ያሉትን ቤቶች ከልጄ ጋር ዞረን ሰዎቹን አነጋግረናል። ዘጠኝ ቤት ሄድን፤ ሰባቱ አልሰሙም ነበር። አንደኛው ቤት ውስጥ ያሉ ሽማግሌ ጥቁር አሜሪካዊ፣ በዚያ ቤት ከሃምሳ ዓመት በላይ የኖሩ፣ እሳቸውም አልሰሙም። ስብሰባው ላይ አብረን እንመጣለን ብለውኛል። የእንጀራ መሸጫዋ ባለቤትም በሩ አጠገብ ያለውን ግድግዳ ለማስታወቂያ ለቅቃልናለች። ወረቀቱን እስከ ቅዳሜ ካደረሱልኝ እኔ ራሴ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከናይንዝ ስትሪት ጥቂት ርምጃ ርቃ የምትኖር ተከራይ ጎረቤትዎ