ለጦር ስልት ጨዋታ የዋግሹም ጎበዜ ዘመን
ለጦር ስልት ጨዋታ የሚመች ዘመን የትኛው ነው ቢባል ብዙዎቻችን የዐድዋን እንጠራለን፤ «ሲቪላይዜሽን 6» የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታም ኢትዮጵያን ያቀረባት በዳግማዊ ምኒልክ ነው። እኔ ግን ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከወደቁበት ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ያሉትን ዓመታት አስበልጣለሁ። ጥሩ ጨዋታ አቅማቸው የተለያየ፣ ነገር ግን ሁሉም የማሸነፍ ዕድል ያላቸው ተፎካካሪዎች ይፈልጋል። የዋጉ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ሲነግሡ ብዙ ሠራዊት ነበራቸው፤ የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ እንግሊዞች ትተውላቸው የሄዱት መድፍና ጠመንጃ፤ ምኒልክ ደግሞ ከሁለቱም የራቀ ሸዋ። ጎበዜ የካሣን እኅት ድንቅነሽን ማግባታቸው ጋብቻንም የስልት አካል ያደርገዋል። ከሰቆጣ ወደ ተከዜ የሚወርደው ገደል መንገድ መምረጥን ራሱን ትልቅ ውሳኔ ያደርጋል። ሐምሌ 1863 ዐድዋ አጠገብ አሳም ላይ በቁጥር የሚያንሰው የካሣ ጦር ድል አደረገ። ውጤቱን መሣሪያው አስቀድሞ ወስኖት ነበር የሚል ይኖራል፤ ግን ወደ ትግራይ የዘመቱት ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው፣ ቢቆዩስ? የእርስ በርስ ጦርነትን መጫወቻ ማድረግ ቁስል መነካካት ነው የሚለው ተቃውሞ ይከብዳል። ቢሆንም ሠራዊቱ የሚበላው የገበሬውን እህል እንደነበር በየዙሩ የሚያስቆጥር ጨዋታ ጦርነትን አያስውብም። የአገራችን ጨዋታ ሠሪዎች ከዚህ ዘመን ይጀምሩ።