ሕጋዊውን ቅጂ ከገበያ ማንሳት ሕገ ወጡን አላስቆመም

መቀመጫውን በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ሬንተን ከተማ ያደረገው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተሰኘ የጨዋታ መጻሕፍት አሳታሚ እ.ኤ.አ በኤፕሪል 2009 መጀመሪያ ሁለት እርምጃዎችን በአንድ ሰሞን ወሰደ። አንደኛው አዲስ መጽሐፉን ያለፈቃድ በኢንተርኔት አሰራጭተዋል ባላቸው ስምንት ሰዎች ላይ በፌዴራል ፍርድ ቤት ሦስት ክሶችን መመሥረቱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በፒዲኤፍ መልክ ይሸጡ የነበሩ መጻሕፍቱን በሙሉ ከገበያ ማንሳቱ ነበር። ክስ መመሥረት የቅጂ መብት ባለቤት ከሆነ ድርጅት የሚጠበቅ ነው። የሽያጩ መቋረጥ ግን በዲጂታል መንገድ የተገዛ መጽሐፍ የማን ንብረት ነው የሚል ጥያቄ አስነስቷል፤ ጥያቄው ዛሬም አልተዘጋም።

የመጻሕፍቱ ዓይነት ለብዙ አንባቢ እንግዳ በመሆኑ አጭር ማብራሪያ ያስፈልገዋል። የጠረጴዛ ዙሪያ የሚና ጨዋታ በመባል የሚታወቀው መዝናኛ እንደ ገበጣ ወይም እንደ ዳማ የግድ ሰሌዳ የሚፈልግ አይደለም። ተጫዋቾች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛሉ፤ አንደኛው ታሪኩን ይመራል፤ የሚሞክሩት ነገር መሳካት አለመሳካቱም በአብዛኛው ዳይስ በመጣል ይለያል። በዚህ ዘርፍ ቀዳሚ የሆነው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እ.ኤ.አ በ1974 ታትሞ የወጣ ሲሆን፣ አሳታሚው ቲ.ኤስ.አር እ.ኤ.አ በ1997 በዊዛርድስ ተገዛ። ዊዛርድስ ራሱም ከሁለት ዓመት በኋላ ሃስብሮ በተባለው ትልቅ የአሻንጉሊት አምራች ሥር ገብቷል። ከዳይስና ከአንዳንድ መለዋወጫዎች በስተቀር አሳታሚው ለገበያ የሚያቀርበው ዋነኛ ዕቃ ሕጉንና ታሪኩን የያዘው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ከተቀዳ የጨዋታው ዋና ነገር ተቀዳ ማለት ነው፤ የአሳታሚዎቹ ሥጋት መሠረት የለውም ማለት አይቻልም።

ለክሱ መነሻ የሆነው እ.ኤ.አ በማርች 2009 የወጣው ሁለተኛው የተጫዋቾች መመሪያ መጽሐፍ ነበር። መጽሐፉ በታተመ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስክሪብድ በተባለ የሰነድ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ተጭኖ ተገኘ። ተከሳሾቹ በአሜሪካ ብቻ ሳይሆን በፖላንድና በፊሊፒንስም የሚኖሩ ነበሩ። በአንድ አገር ፍርድ ቤት የሚሰጥ ውሳኔ ድንበር ተሻግሮ በሚፈጸም የመብት ጥሰት ላይ ምን ያህል አቅም እንዳለው ከዚህ መገመት ይቻላል።

በወቅቱ የኩባንያው ኃላፊዎች የሽያጩን መቋረጥ ሕገ ወጥ ቅጂን ለመከላከል የተወሰደ እርምጃ አድርገው አቅርበውታል። ይሁንና ሕጋዊዎቹን ቅጂዎች ይሸጡ የነበሩት ፓይዞና ዋን ቡክ ሼልፍን የመሳሰሉ ድርጅቶች የተሰጣቸው ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነበር። ገንዘብ ከፍለው የገዙና ፋይላቸውን ከሻጩ ሰርቨር በፈለጉ ጊዜ እናወርዳለን ብለው የተማመኑ ደንበኞች መንገዱ ተዘጋባቸው። ፋይሉን አስቀድሞ በኮምፒውተሩ ያስቀመጠ ሰው አልተጎዳም፤ ኮምፒውተሩ የተበላሸበት ወይም የሻጩን ድረ ገጽ እንደ መጻሕፍት መደርደሪያ ይጠቀምበት የነበረው ግን የከፈለበትን አጣ። ከነዚህ ሰዎች መካከል ከተከሳሾቹ ጥፋት ጋር የሚያገናኘው የነበረ የለም ማለት ይቻላል።

ከገበያ የተነሱት አዲሶቹ መጻሕፍት ብቻ አልነበሩም። በቲ.ኤስ.አር ዘመን ታትመው ኅትመታቸው ከቆመ ረጅም ዓመታት ያስቆጠሩ ሥራዎችም አብረው ተነስተዋል። እነዚህን አዲስ ሆነው ለመግዛት የነበረው ሕጋዊ አማራጭ ፒዲኤፍ ሲሆን፣ እሱ ሲዘጋ ፈላጊው የቀረው ወይ ያገለገለ ቅጂ ማፈላለግ ወይ በነጻ የሚሰራጨውን ሕገ ወጥ ፋይል ማውረድ ነበር። እርምጃው ሊያዳክመው የፈለገውን ገበያ ደንበኛ ጨመረለት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሕገ ወጡ ቅጂ የሚመነጨው ከተሸጠ ፒዲኤፍ ብቻ አለመሆኑም አስቀድሞ የታወቀ ነበር። የጨዋታው አራተኛ እትም እ.ኤ.አ በጁን 2008 ለገበያ ከመቅረቡ ቀናት በፊት ዋና ዋና መጻሕፍቱ ለኅትመት በተዘጋጁበት ጥራት በኢንተርኔት ተለቅቀዋል። ያኔ ለሕዝብ የተሸጠ አንድም ፒዲኤፍ አልነበረም። እ.ኤ.አ ከ2009 በኋላ በወረቀት ብቻ የወጡት መጻሕፍትም ቢሆኑ ስካነር ባለው ሰው እየተነሱ መሰራጨታቸውን አላቆሙም። አንድ የታተመ መጽሐፍ በአንድ ሰው ድካም ወደ ፋይል ከተለወጠ ሌላ ማንም መድከም አይኖርበትም።

ሌሎች አሳታሚዎች በአንጻሩ ሌላ መንገድ ተከተሉ። እ.ኤ.አ በ2004 ሥራ የጀመረው ድራይቭ ስሩ አር.ፒ.ጂ የተባለው የሽያጭ ድረ ገጽ መጀመሪያ ፋይሎቹን በኤሌክትሮኒክ ቁልፍ ቆልፎ ይሸጥ ነበር። ቁልፉ ሕጋዊውን ገዢ ከማስቸገር ያለፈ ጥቅም ባለማስገኘቱ ብዙም ሳይቆይ ቀርቶ፣ የገዢው ስምና የትዕዛዝ ቁጥር በየገጹ ግርጌ እንዲሰፍር ተደረገ። ምልክቱን አዋቂ ሰው ሊያጠፋው እንደሚችል የታወቀ ነው። ነገር ግን ስሙ የሰፈረበትን መጽሐፍ በአደባባይ የሚበትን ሰው ጥቂት ነው፤ ፋይሉም በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ያለ ችግር ይከፈታል።

ድረ ገጹ ለረጅም ዓመታት በሠራበት ውል መሠረት በሱ በኩል ብቻ የሚሸጥ አሳታሚ ከሽያጩ 70 በመቶ፣ በሌላም ቦታ የሚሸጥ ደግሞ 65 በመቶ ይደርሰው ነበር። የማተሚያ ቤት፣ የመጋዘንና የማጓጓዣ ወጪ ለሌለበት ሥራ ይህ ቀላል ድርሻ አይደለም። አንድ ሁለት ሠራተኛ ብቻ ላላቸው አነስተኛ አሳታሚዎች ዲጂታል ሽያጭ ከወረቀት ኅትመት ጎን የቆመ ተጨማሪ ገቢ ሳይሆን የህልውና ጉዳይ ሆነ። መጽሐፋቸው ያለፈቃድ ሲሰራጭ ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌላቸውም እነሱ ናቸው። ትልቁ ኩባንያ ከገበያ ሲወጣ ፊታቸውን ወደ ደንበኛው ያዞሩበት ምክንያት ከዚህ ይመነጫል። የመጻሕፍት መደብሮች ቅሬታ እንዳይሰማቸውም አንዳንዶቹ እ.ኤ.አ በ2010 ቢትስ ኤንድ ሞርታር በሚል ስም ተባብረው፣ የወረቀቱን መጽሐፍ ከመደብር ለሚገዛ ደንበኛ ፒዲኤፉን ያለ ተጨማሪ ክፍያ መስጠት ጀምረዋል።

በንግድ ረገድ ጎልቶ የታየው የፓይዞ ታሪክ ነው። ዊዛርድስ እ.ኤ.አ በ2000 ባወጣው ክፍት ፈቃድ በመጠቀም ፓይዞ ፓዝፋይንደር የተባለውን ጨዋታ አዘጋጀ። የሙከራ ቅጂውን እ.ኤ.አ በ2008 በነጻ በኢንተርኔት ለቀቀው። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ዋናው መጽሐፍ በወረቀት 49.99 ዶላር ሲሸጥ ፒዲኤፉ በ9.99 ዶላር ቀረበ። የዘርፉን ንግድ የሚከታተለው አይ.ሲ.ቪ.2 እ.ኤ.አ በ2011 ባወጣው ደረጃ ፓዝፋይንደር ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን በልጦ ተገኝቷል። ለዚህ ውጤት የዲጂታል ዋጋው ብቻ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ ብዙ ተጫዋቾች አራተኛውን እትም አልወደዱትም ነበር። ርካሽ ፒዲኤፍ የወረቀቱን ሽያጭ ይገድላል የሚለው ፍርሃት ግን በዚህ ገበያ እውን ሆኖ አልታየም።

ዊዛርድስ እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2013 የቀድሞ መጻሕፍቱን ከዋን ቡክ ሼልፍ ጋር በመተባበር እንደገና በፒዲኤፍ መሸጥ ጀመረ። በመሀሉ ወደ አራት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አልፏል። እ.ኤ.አ በ2014 አምስተኛውን እትም ሲያወጣም መሠረታዊ ሕጎቹን በነጻ ፒዲኤፍ አሰራጭቷል፤ የዚያን እትም ዋና መጻሕፍት ግን በፒዲኤፍ ለሽያጭ አላቀረበም። እነዚህ እ.ኤ.አ በ2017 ሥራ በጀመረው ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ በተባለ የኢንተርኔት አገልግሎት በኩል ይሸጡ ጀመር። አገልግሎቱን ሃስብሮ እ.ኤ.አ በ2022 በ146.3 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል።

በዚህ አሠራር ገዢው ፋይል አይረከብም፤ የሚያገኘው ጽሑፉን በኩባንያው አገልግሎት ውስጥ የማንበብ ፈቃድ ነው። ስርቆትን ከመከላከል አኳያ ከፒዲኤፍ የተሻለ ሊመስል ይችላል፤ የእነዚሁ መጻሕፍት ሕገ ወጥ ቅጂዎች ግን አሁንም ይዘዋወራሉ። በተግባር የተለወጠው የገዢው አቋም ነው። እ.ኤ.አ በ2024 ከአንድ መጽሐፍ የሚፈለገውን ክፍል ብቻ ነጥሎ መግዛት እንዲቀር ተደረገ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ደግሞ ኩባንያው በተጫዋቾች መዝገብ ላይ የሚገኙ የቀድሞ ሕጎች በአዲሱ እትም ሕጎች እንደሚተኩ አስታወቀ። ገዢዎች የከፈልንበት ይለወጥብናል በማለት ተቃውሟቸውን አሰሙ፤ ኩባንያውም በቀናት ውስጥ ዕቅዱን ሰርዞ የቀድሞዎቹ ሕጎች ባሉበት እንዲቆዩ ወሰነ። ይህን ያስቻለው የደንበኞቹ ጫና እንጂ ገዢው በግዢው ያገኘው መብት አልነበረም።